ቢኒ ያወራበት አጥር

ሳሎኔ ውስጥ ማንም የማይወደው አንድ በርጩማ አለ። በጅማ በርጩማ ብርቅ ሆኖ አይደለም፤ ከአንድ ግንድ የተጠረበ ባለሦስት እግር በርጩማ የሌለው ቤት የለም። ይሄኛው ግን አንድ እግሩ ከሌሎቹ በሁለት ጣት ስለሚያጥር የተቀመጠበት ሁሉ ወደ ግራ ይዘምማል። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ይሄን ነገር ለማገዶ አታደርጊውም?" ይለኛል። ባለፈው ወር ከልጄ መዋዕለ ሕፃናት ደሜ ፈልቶ ስመለስ ግን ቦርሳዬን ወርውሬ የተቀመጥኩት እሱ ላይ ነው። ዘምሜ እንደተቀመጥኩ የወንድሜ የቢኒ ነገር እንደ አዲስ አንገበገበኝ።

ያኔ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው እዚሁ ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ነው፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አባባ ከደብረ ብርሃን በሥራ ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ደብዳቤ እንኳ ሲያጥፍ በማስመሪያ ነው። እማማ ግን አጋሮ ነው ያደገችው። ዝናቡ ባባራ ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ እርጥብ እንጨት እርጥብ እንጨት ይሸት ነበር፤ እኛም ከየቤታችን እንወጣና ጭቃው ላይ መስመር አስምረን ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን። ጨዋታውን በአማርኛ እንጀምርና ስንጣላ በኦሮምኛ እንጨርሳለን። ማን የትኛውን እንደተናገረ ልብ የሚል አልነበረም። ልብ የሚለው አባባ ብቻ ነበር። ትምህርት ቤቶች በኦሮምኛ ማስተማር ከጀመሩ ወዲህ አማርኛው ከልጆቼ አፍ ይጠፋል ብሎ ይሰጋ ነበርና "ከበር መልስ አንድ ቋንቋ ነው" የሚል ደንብ አወጣብን። እማማ ገበያ ላይ እየሳቀች የምትከራከርበትን ኦሮምኛ በራችን ላይ ስትደርስ እንደ ጫማዋ ጭቃ አራግፋው ትገባለች።

ወንድሜ ቢኒ አራት ዓመት ሆኖትም አፉን አልፈታም። ጆሮው ደህና ነው፤ ጓዳ ውስጥ የከረሜላ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ከግቢ በር ሰምቶ ይመጣል። "ወንድ ልጅ አፉ ይዘገያል" ይላሉ ጎረቤቶች። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" እያሉ የሚቀልዱም ነበሩ። አንዷ ጎረቤታችን የቤተ ክርስቲያን ቁልፍ አፉ ላይ ቢዞርለት ይከፈትለታል አለችና ቁልፉም ዞረ። ቢኒ የብረቱን ጣዕም እንትፍ ብሎ ወደ ጨዋታው ተመለሰ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን "በል" የምትባለዋ ቃል ነበረች። ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ ከሰላምታው ቀጥሎ ቢኒን መሃል ያቆመውና "እስቲ አባባ በል" ይለዋል። ከረሜላ የሚያሳየው አለ፣ ሳንቲም የሚያሳየው አለ። አባባ ራት ላይ ዳቦውን ከፍ አድርጎ ይዞ "ዳቦ በል፣ ዳ... ቦ" ሲለው ቢኒ ዳቦውን ያያል፣ አባባን ያያል፣ በመጨረሻም እኔን ያየኛል። እኔም "ዳቦ ይፈልጋል" እላለሁ። ሁሉም ይስቃሉ። "አስቱ እኮ አስተርጓሚው ናት" ይላሉ። ጣቱን ሲቀስር፣ ሲያኮርፍ፣ ቀሚሴን ሲጎትት ምን ማለቱ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ በትምህርት ቤት ውጤቴ እንኳ የዚያን ያህል አልኮራም። እሱ ሊናገር ገና ሳያስብ እኔ ጨርሼለት ነበር። ይሄን ያኔ ማን ይንገረኝ።

ከጓሯችን አጥር ወዲያ አባ ዲጋ የሚባሉ በርጩማ ጠራቢ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። አጥሩ ውሻ የሚያሾልክ ቀዳዳ ነበረው። ቢኒ ከሰዓት በኋላ ከዓይን ሲጠፋ ጓሮ እየተጫወተ ይመስለን ነበር፤ እሱ ግን ያንን ቀዳዳ ካገኘ ሰነባብቷል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እማማ "እስቲ ወንድምሽን እይልኝ" ብላ ላከችኝና ጎንበስ ብዬ በቀዳዳው አየሁ። አባ ዲጋ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ይጠርባሉ፤ ፍቅፋቂው እግራቸውን ሸፍኖታል፣ የአዲስ እንጨት ሽታ እኔ ድረስ ይመጣል። ቢኒ አጠገባቸው ተቀምጧል። ሽማግሌው ምንም አይጠይቁትም። እየሠሩ ስለሚሠሩት ነገር አንድ ሁለት ቃል በኦሮምኛ ይናገሩና ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ረጅም ነበር። እኔ ብሆን አሥር ጊዜ እሞላው ነበር።

ቢኒ መጥረቢያውን ነካ አደረገና "አባ፣ ኩን ማል?" አለ። ይሄ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

"ቆቶ" አሉት፣ ቀና ሳይሉ። መጥረቢያ ማለት ነው።

"ቆቶ" አለ ቢኒ፣ ማንም በል ሳይለው።

የወንድሜን ድምፅ አላውቀውም ነበር። ለካ ጎርነን ያለ ነው። ወዲያው በእጁ ወደ መንገዱ እያሳየ "አባ፣ ሰሬን..." ብሎ ስለ አንድ ውሻ ረጅም ነገር ጀመረ። አባ ዲጋ መጥረቢያቸውን መሬት አስቀምጠው "ኤዬ" አሉና፣ አዎ እንደማለት፣ ጠበቁት። እኔ ግን መጠበቅ አልቻልኩም። "ቢኒ አወራ፣ ቢኒ አወራ" እያልኩ ወደ ቤት በረርኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። እማማ ሰምታ አለቀሰች። አባባም ፊቱ በራና "ምን አለ?" ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። በኦሮምኛ መሆኑን ሲሰማ የበራው ፊቱ ቀስ እያለ ጠቆረ። ነገሩን የጨረሰው ግን እሑድ እሑድ ዳማ ሊጫወት የሚመጣው ጓደኛው፣ ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያሽገው ድሬሰር ጋሽ ለማ ነው። "ሁለት ቋንቋ ነዋ ያምታታው" አለ ቆርኪውን እየገፋ። "ጭንቅላቱ ውስጥ ተጣልተውበት ነው። አንዱን ቁረጡለት፣ ሌላው ይፈታል።" የትኛው እንደሚቆረጥ የጠየቀ የለም። እማማ የቆሎ ሳህን ይዛ ቆማ ነበር። አጋሮ ላይ ሁለቱንም እየተናገረች ያደገች ሴት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ማስረጃው እሷ ራሷ ነበረች። እስከ ዛሬ የምቀየማት በዚህ ነው።

በማግስቱ አባባ ቀዳዳውን በቆርቆሮ አስመታው። ጨዋ ሰው ነውና ለአባ ዲጋም ደጃፋቸው ድረስ ሄዶ ነገራቸው፤ እኔም ተከትዬው ነበር።

"አባ ዲጋ፣ በእርስዎ ቅሬታ የለንም። ሐኪም ነው ያዘዘን፤ ለጊዜው አንድ ቋንቋ ብቻ ይስማ ተብለናል" አላቸው። ጋሽ ለማን ነው ሐኪም ያለው።

"እኔ ምንም አላስተማርኩትም አቶ ታደሰ" አሉ ሽማግሌው። "እሱ ይጠይቃል፣ እኔ እመልሳለሁ። ወላሂ ይሄው ነው።" ከዚያ ፍቅፋቂውን ከጉልበታቸው እያራገፉ "ልጁ እኮ ገና መጀመሩ ነው" አሉ። አባባ አመስግኗቸው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የተፈታ ነገር አልነበረም። ቢኒ ቆርቆሮው ሥር ይቀመጥና ከወዲያ የሚመጣውን የመጥረቢያ ድምፅ ሲያዳምጥ ይውላል። እቤት ውስጥ "በል" በእጥፍ ጨመረ። እኔም ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ስለገባኝ ላስተካክለው ብዬ ከሁሉም ብሼ ቁጭ አልኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓሮ አስቀምጠውና ዳቦውን ከኋላዬ ደብቄ አፋጥጠዋለሁ። አንድ ቀን እልህ ያዘኝ። ትከሻውን ይዤ እየነቀነቅሁ "ዳቦ በል አልኩህ፣ ትችላለህ እኮ፣ ስታወራ ሰምቼሃለሁ" ብዬ ጮኽኩበት። ቢኒ አላለቀሰም። ትንሿን መዳፉን አንስቶ አፌ ላይ አደረገና ዘጋው። እጁ አፈር አፈር ይል ነበር። ዳቦውን ሰጠሁትና ዞር ብዬ እኔ አለቀስኩ።

ክረምቱ ሲገባ አባ ዲጋ ዓይናቸው ደክሞ ሰርቦ ከተማ ወደምትኖረው ልጃቸው ሊሄዱ ሆነ። ዕቃቸው በሚጫንበት ጠዋት፣ አባባ ቢሮ እያለ፣ እማማ ነጠላዋን ደረበችና የቢኒን እጅ ይዛ በዋናው መንገድ ዞራ ወሰደችን። አባ ዲጋ ይህንን በርጩማ ከቤት አወጡ። እግሩን በመጋዝ የቆረጠው ቢኒ ራሱ እንደሆነ፣ እግሩ ቢያጥርም ሊጥሉት እንዳልፈለጉና ለእሱ እንዳስቀመጡለት በኦሮምኛ ነገሯት። እሷም በኦሮምኛ መለሰችላቸው። ከዚያ ቢኒ ፊት ቁጢጥ ብለው መጥረቢያቸውን አሳዩትና "ኩን ማል?" አሉት።

ጠበቁት። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። አሁንም ጠበቁት። "በል" አላሉትም። ቢኒ መጥረቢያውን ሲያይ ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ፤ እንደ ልማዱ እንድመልስለት ነው። ቃሉን እያወቅሁት አፌ አልታዘዝ አለኝ። አባ ዲጋ ራሱን ዳበሱት፣ ተነሱ፣ መኪናው ላይ ወጡ።

ቢኒ አፉን የፈታው ስድስት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው፤ በአማርኛ። አባባም "አያችሁ፣ አንዱ ሲቆረጥ ሌላው ተፈታ" እያለ ለሰው ሁሉ ሲያወራው ኖረ። በመሃል ባክኖ ስለቀረው ጊዜ፣ ልጁ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ ስለዋለባቸው ቀናት ያነሳ የለም። በዓመቱ አባባ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወረ፤ ቆቶም ሰሬም እዚሁ ጅማ ቀሩ። በቤታችንም የዚያ አጥር ወሬ ተነስቶ አያውቅም፤ እማማ ብቻ በርጩማውን አልጥልም ብላ ይዛው ከርማ ሳገባ ለእኔ ሰጠችኝ። አባባ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጁን ይወደው ነበር፣ ይሄ ነው ይበልጥ የሚያበግነኝ። በክፋት የተደረገ ቢሆን የምረግመው ሰው አገኝ ነበር።

እኔ በትዳር ወደ ጅማ ተመለስኩ። ቢኒም ከጊዜ በኋላ ቡና የሚልክ ድርጅት ቀጥሮት መጣ። ሥራው አጋሮ አካባቢ ከገበሬዎች ጋር ነው፤ አንድ ነገር በጠየቁት ቁጥር ዞሮ አስተርጓሚውን ያያል። ጢም ካበቀለ በኋላ ደብተር ይዞ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት እየመጣ ኦሮምኛ ያጠናል። የሚያስጠኑት የባለቤቴ እናት ናቸው። ልጄ ደግሞ ገና ሦስት ዓመት ከስድስት ወሯ ነው፤ ከእሳቸው ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ትኮላተፋለች፣ ከስልኩ ጋር በእንግሊዝኛ ቀለማት ትቆጥራለች። ባለፈው ወር አስተማሪዋ አስጠራችኝና "ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ አውሯት፤ አማርኛና ኦሮምኛው እያምታታት ነው" አለችኝ። ጋሽ ለማ ከመቃብር ተነስቶ ቀሚስ ለብሶ የመጣ መሰለኝ። "አያቷንስ ምን ላድርጋቸው፣ ቆርቆሮ ልምታባቸው?" አልኳት። ነገሩ ስላልገባት ሳቀች። በእኛ ጊዜ ልጅ ቢያንስ ሾልኮ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው፣ ከቀዳዳው ወዲያም ሥራውን አስቀምጦ "ኤዬ" የሚለው ሽማግሌ ነበረው። ዛሬ ስልኩ ሲለፈልፍ ይውላል፤ ልጁ ምን ሊል እንደሆነ ግን አይጠብቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ቢኒ መጥቶ ሌላ መቀመጫ ሲያጣ ያ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እየዘመመ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ሊያስተካክል ሞከረና "አስቱ፣ ይሄን ነገር ምን ያደርግልሻል?" አለኝ። አንተ ነህ የቆረጥከው አልኩትና ሁሉንም ነገርኩት። አባ ዲጋን ጨርሶ አያስታውሳቸውም። ብድግ ብሎ በርጩማውን ገለበጠና አጭሩን እግር በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ የመጋዙ ምልክት አሁንም አለ።

"እና ምን እናወራ ነበር?" አለኝ።

"ስለ አንድ ውሻ እየነገርካቸው ነበር።"

"ውሻው ምን አደረገ?"

አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወራ ሰምቼው ሳይጨርስ ጥዬው ሮጫለሁ።

"አላውቅም" አልኩት።