ወራጅ የለም!

መጠጥ ማቆሜን የነገርኩት ለሚስቴ ብቻ ነበር፤ በሳምንቱ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ታክሲያችን የድሮ ግሮሰሪዬ ጋ ሲደርስ አንዲት ቢራ አማረችኝና «ወራጅ አለ!» አልኩ።

«ወራጅ የለም!» አለ ተሳፋሪው በአንድ ድምፅ። ሁሉም ጎረቤቶቼ ናቸው።

«ኧረ ፀጉሬን ልቆረጥ ነው!» ብዬ ዋሸሁ።

«እንግዲያው አብሬህ እወርዳለሁ» አሉ የእድራችን ዳኛ እትዬ ጥሩነሽ። ክንዴን ይዘው ግሮሰሪውን አሳልፈው፣ ቀጥሎ ያለው ፀጉር ቤት አስገቡኝ።

ፀጉር ቆራጩ ግራ ገባው። «ትናንት እኮ ነው የቆረጥኩህ! አሁን ምኑን ልቁረጠው?»

«ላጨው!» አሉ እትዬ ጥሩነሽ፣ በሩ ላይ ወንበር ስበው እየተቀመጡ።

ራሴን ተላጭቼ ቤት ስገባ ሚስቴ «ማን ሞተብን?» ብላ እሪ አለች። ጩኸቷን ሰምቶ ጎረቤቱ እያለቀሰ ደረሰ፤ የእድሩ ድንኳን ብረት ደረጃው ላይ ሲንኳኳ ይሰማኛል።

ይሄኔ እትዬ ጥሩነሽ እያለከለኩ ገቡ።

«ዝም በሉ፣ የሞተ የለም!» አሉ ራሴን እየዳበሱ። «ይሄው፣ ለጥቂት ተርፎ ነው።»