ጋሽ ቆጣቢና መድረሱን ያልሰማው ሊፍት

በሰፈሩ የሚወራው እንዲህ ነው፦ ጋሽ ቆጣቢ ተቆጣጣሪውን ሊፍት ውስጥ ቆልፎበት ሙሉ ቀን አዋለውና በዚያው ከሥራ ተባረረ። የፀጉር ቤቷ ባለቤት ደግሞ ቀኑን ሁለት አድርጋዋለች፤ «ጩኸቱን በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ» እያለች ትምላለች። ፀጉር ቤቷ እሱ ከሚሠራበት ፋብሪካ አራት ፌርማታ ይርቃል። ማድረቂያው ሲነሳ እኮ አጠገቧ የተቀመጠችው ደንበኛ የምትላትን እንኳ አትሰማም።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ጊዜው አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። በሩ የተዘጋባት የገዛ አለቃው ኢንጂነሯ ናት እንጂ ተቆጣጣሪ የሚባል ሰው በአካባቢው አልነበረም። ማንም አልቆለፈባትም። እሱም አልተባረረም፤ ቢባረር ኖሮ እንቅልፉን ይተኛ ነበር።

ጋሽ ቆጣቢ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። የሊፍት መቆጣጠሪያ ቦርድ በሚሠራ ፋብሪካ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ባለች ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። ወንበሩ ወደ ግራ ስላዘነበለ እሱም አብሮ አዘንብሏል፤ መንገድ ላይ እንኳ ሲሄድ ትከሻው የሰው ወሬ የሚያዳምጥ ይመስላል። ሥራው ኮምፓይለር ነው፤ ማለትም ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ተቀብሎ ቺፑ ወደሚገባው ትእዛዝ የሚቀይር ሌላ ፕሮግራም። ፋብሪካው ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሲ በሚባለው ቋንቋ ነው። የሲውን ኮምፓይለር ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የጻፈው ጋሽ ቆጣቢ ብቻውን ነው። ትንሽ ናት፤ ፍጥነቷ ግን ጉድ ነው። ቁልፉን ተጭናችሁ ጣታችሁን ሳታነሱ ጨርሳ ትጠብቃችኋለች።

ፍጥነቷ የመጣው ከመርሳት ነው። ፕሮግራሙን መስመር በመስመር ታነብና አንዱን እንደጨረሰች ጥርግ አድርጋ ትረሳዋለች። ስለዚህ የምታወጣው ኮድ የሞኝ ሥራ ይበዛበታል። አንድ ቁጥር ሚሞሪ ላይ ታስቀምጥና በሚቀጥለው መስመር ያንኑ ቁጥር፣ ገና ከእጇ ሳይወጣ፣ ተመልሳ ሄዳ ታመጣዋለች። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቤቱን ሙሉ የሚያተራምስ ሰው አይታችሁ ከሆነ፣ እሷን አይታችኋል። ፕሮግራሙ አጭር ሳለ፣ በባይት የሚለካው የቺፑ ቦታ ስለሚተርፍ፣ ይህ ማንንም አልጎዳም።

አንድ ዓርብ ኢንጂነሯ ክፍሉ መጣች።

«ጋሼ፣ አዲሱ የደህንነት መመሪያ የሚጠይቀውን ስንጨምርበት ፕሮግራሙ ቺፑ ላይ አልገባ አለ። ሦስት መቶ ባይት ውጭ ቀረ።»

«ትልቅ ቺፕ ግዙዋ።»

«የተሸጡት ሊፍቶች ላይ ያለውን ማን ይነቅላል? እርስዎ ይነቅሉልኛል?»

«ወገቤን ያመኛል።»

«እንግዲያው ኮዱን ያሳጥሩልኝ። እስከ ሐሙስ። ካልሆነ ያንን ትልቁን ኮምፓይለር እንገዛለን፤ የእርስዎን እናሳርፋታለን።»

«እኔንስ?»

«መዝገብ ቤት... ሰው ይፈልጋል።»

ይህን ስትል ዓይኗ ወለሉ ላይ ነበር፤ ክፉ ልጅ አይደለችም። ጋሽ ቆጣቢም ደክሞታል። «ይቺን ነገር በወሰዱልኝና ባረፍኩ» ያለባቸው ጠዋቶች ብዙ ናቸው። ግን «እናሳርፋታለን» የምትለዋን ቃል እቤቱም ይዟት ገባ። ትዳር አልያዘ፣ ልጅ አልወለደ፤ ሃያ ሁለት ዓመቱን የበላችው እሷ ናት። አሁን እንደ አሮጌ ጠረጴዛ ተነሥታ ስትወጣ ቁጭ ብሎ ሊያይ ነው?

አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ማክሰኞ ጠዋት ጫማውን ሲያስር በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ዛሬም ያንን ነገር ልትጎረጉር ነው?»

«ሦስት መቶ ባይት ነው እኮ እታለም።»

«በኪሎ ስንት ይሆናል?»

«ምንም አይመዝንም።»

«ታዲያ ምን አጎበጠህ?»

ጫማውን አስሮ ወጣ።

ረቡዕ ዕለት መላ አገኘ። ኮምፓይለሯ ጥቂት ትዝታ እንዲኖራት አደረገ፤ «አሁን ያስቀመጥኩት ቁጥር እጄ ላይ ነው፣ ምን አስኬደኝ» እንድትል። የጨመረው ጽሑፍ አንድ ገጽ አይሞላም። ኮዱ በአራት መቶ አሥራ ሁለት ባይት አጠረ፤ ፍጥነቷም አልተነካም። ጋሽ ቆጣቢ አልጨፈረም። ጭፈራ ጉልበት ይጠይቃል። ወንበሩን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ሐሙስ ጠዋት በፋብሪካው መሞከሪያ ሊፍት ተሞከረ። ኢንጂነሯ «የምገባው እኔ ነኝ» ብላ ገባች። ሊፍቱ ወጣ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቀጥ አለ። በሩ ግን ጭጭ።

«ጋሼ?» አለች ከውስጥ።

«አለሁ።»

«በሩ ለምን አይከፈትም?»

«ይከፈታል።»

«መቼ?»

አብሮት ያረጀው ሜካኒክ ከጎኑ ቆሞ «ባይቱ አልበቃ ብሎህ አለቃችንን ቆጠብካት እኮ!» አለው።

«ዝም በልና በእጅ ክፈትላት።»

«የማሽን ክፍሉ ቁልፍ ዘበኛው ጋ ነው። ዘበኛው ደግሞ ቁርስ ላይ ነው።»

«ሰምቻለሁ!» አለች ከውስጥ። «ቀስ ብሎ ያላምጥ በሉት፤ እኔ የምሄድበት የለኝም!»

ሜካኒኩ ዘበኛውን ፍለጋ ደረጃውን ሲወርድ ጋሽ ቆጣቢ ግንባሩን ቀዝቃዛው በር ላይ አስደግፎ አሰበ። ፕሮግራሙ ሚሞሪ ላይ ባለች አንዲት ሣጥን ውስጥ «አልደረስንም» ብሎ ይጽፋል። ሊፍቱ ፎቁ ጋ ሲቆም፣ መድረሱን የሚለየው ሴንሰር እዚያችው ሣጥን ላይ «ደርሰናል» ብሎ ይጽፍበታል። ፕሮግራሙም ሣጥኗን ደጋግሞ እያየ ይጠብቅና «ደርሰናል»ን ሲያገኝ በሩን ይከፍታል። አሁን ግን ኮምፓይለሯ «የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ አልደረስንም ነው የሚለው» ብላ ሣጥኗን ማየቱን እርግፍ አድርጋ ትታዋለች። ሴንሰሩ ጽፏል፤ የሚያነብለት ጠፋ።

ሲ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ አንዲት ቃል አለችው፤ «ይቺን ሣጥን ሌላም ይነካታል፣ ሁልጊዜ ሄደህ እይ» የምትል። ቃሏ ፕሮግራሙ ውስጥ በቦታዋ ተጽፋለች። የዘለለቻት ኮምፓይለሯ ናት። እንድትዘልላት ያደረገው ደግሞ ራሱ ጋሽ ቆጣቢ ነው፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት «የእኔዋ እንደሆነ ሁልጊዜ ሄዳ ታያለች፣ ይህ ቃል ለእሷ ትርፍ ነው» ብሎ። ያኔ እውነቱን ነበር። ረቡዕ ዕለት ትዝታ ሲሰጣት ነው ነገሩ የተገለበጠው፤ ያቺን የጥንት ቃል ደግሞ ማን አስታውሷት!

«ኢንጂነር» አለ በበሩ ስንጥቅ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የማን ይሆናል ብለው ነበር?»

«አንዲት ቃል ዘልዬ ነው...»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ልውጣ። ቃሏን ከዚያ ይነግሩኛል።»

ሜካኒኩ በመጨረሻ በሩን ሲፈለቅቀው ኢንጂነሯ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ አንድ ብርጭቆ ውኃ እስከ ታች ጠጣች። ጋሽ ቆጣቢና ሜካኒኩ ፍርዷን ይጠብቃሉ።

«ሐሙስ ገና አላለቀም» አለች።

ጋሽ ቆጣቢ ወደ ክፍሉ ተመልሶ ኮምፓይለሯ ቃሏን እንድታከብር አደረጋት። ማክበር ቦታ ይፈጃል፤ ካሳጠረው ላይ መቶ አምስት ባይት ተመልሶ ሄደ። ሦስት መቶው ገባ፣ ሰባት ባይት ተረፈ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊፍቱ ውስጥ የገባው እሱ ራሱ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ወጣ፣ አሥራ አንድ ጊዜ በሩ ተከፈተ፤ አሥራ አንዴም ሜካኒኩ ጎንበስ ብሎ «እንኳን ደህና መጡ» አለው።

ከዚያ ሁሉም ኢንጂነሯ ቢሮ ተሰበሰቡ። «ትልቁ ኮምፓይለር ቀርቷል! ጋሼም ከእኛ ጋር ናቸው!» አለችና ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሳይበርድ ነጭ ሰሌዳው ላይ ለሚቀጥለው ወር ፕሮግራሙ ላይ የሚጨመሩ ሦስት ነገሮች ጻፈች። ፕሮግራሙን የሚጽፉት ወጣቶች የትኛው ይቅደም በሚለው ላይ ክርክር ገጠሙ። አንዱ ሰሌዳውን ፎቶ ያነሳል። እሷም ማርከሯ ደርቆባት ሌላ ትፈልጋለች።

«ከእናንተ ውስጥ አጠገቤ ወንበር ስቦ ይቺን ነገር የሚማር ማነው?» አለ ጋሽ ቆጣቢ። ጮክ ብሎ ባይሆንም ተሰምቷል፤ ክርክሩ ግን የትኛው ይቅደም በሚለው ላይ ቀጠለ።