ሮዳጅ ያልጨረሰች መኪና

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት የሞተር ዘይት በሚሸትበት ግቢ ውስጥ ነው። ሌላው ሰው ስለ ልጅነቱ ምሽት ሲያወራ ፊቱ ይፈታል፤ የኔ ይጠቁራል። ይኸን የምጽፈው ናፍቆት ይዞኝ አይደለም። ስንት ዓመት አልፎት ያልበረደ ንዴት ስላለኝ ነው፤ እንዲበርድልኝም ዱዓ አድርጌ አላውቅም።

ቤታችን ደሴ፣ ሸዋ በር ነበር። ከግቢያችን ጥግ፣ ከቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ አያቴ አባ ይመር በጃንሆይ ጊዜ የገዟት ጣሊያን ሠራሽ መኪና ቆማ ነበር። በጉብዝናቸው ወራት ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ሰው ሲያመላልሱባት ኖረው፣ በደርግ ጊዜ ሞተሯ ነከሰ። ነከሰ ማለት ፒስተኖቹ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቀው አንላቀቅም አሉ ማለት ነው። ያኔ መለዋወጫ የሚባል ነገር የለም፤ መኪናዋም ዶሮ እንቁላል የምትጥልባት ቤት ሆና ቀረች። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ፣ ዕቃ ከመርካቶ መምጣት ሲጀምር፣ አያቴ አንድ ቀን ዶሮዎቹን አባረሩና ሞተሯን አወረዱ።

ችግሩ ዓይናቸው ነበር። ሞራ ጋርዷቸው ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው። እጃቸው ግን አንድም ብሎን አልረሳም። ስለዚህ ዓይን የሚሆናቸው ሰው ፈለጉ። መጀመሪያ የተጠራው ታላቅ ወንድሜ ነበር፤ እሱ ኳሱን ይዞ ጠፋ። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ የጠራኝም አልነበረም፤ ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዓስር ሶላት በኋላ እስከ መግሪብ፣ አንዳንዴም በፋኖስ ከመግሪብ በኋላ፣ ያላየሁት ብረት የለም። የቱ ፒስተን ላይ ምን ቁጥር እንደተቀረጸ፣ ምልክቱ ወደ የት እንደሚዞር፣ ብረቱ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ እንዳለው እኔ እናገራለሁ፤ እሳቸው በጣታቸው ያረጋግጣሉ። አንዴ ሳልጠነቀቅ ስንጥቅ የለውም ብዬ ጣታቸው ስንጥቁን ሲያገኘው፣ አልተቆጡኝም፤ ዓይንሽ ከቸኮለ እኔም ታወርኩ ማለት ነው አሉኝ። ከዚያ በኋላ ቸኩዬ አላውቅም።

ሲሊንደሩን በሚኒባስ ጣሪያ ጭነን ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ወስደን አስላጨነው። የተፋቀውን ብረት በማሽን ልጦ ማስፋት ነው ነገሩ። ባለሙያው ለካና አያቴን በክብር አስቀምጦ፣ ይኸ ብረት ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተላጭቷል፣ ይኸ የመጨረሻው ነው፣ ዳግመኛ ከነከሰ የሚላጭ ሥጋ አልቀረውም አላቸው። አያቴ ሰሙ። እኔም ሰማሁ። ይኸ ቃል ለሁለታችን የተነገረ ነው፤ ወደፊት የምናገረው ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

ፒስተኑን ከክንዱ ጋር የሚያያይዝ ፒን አለ፤ ፒስተኑ ቀዝቅዞ ሳለ እሺ ብሎ አይገባም። አያቴ በምድጃ ከሰል ያቀጣጥሉና በአሮጌ ድስት ዘይት ጥደው ፒስተኑን እዚያ ውስጥ ይነክሩታል። ከዚያ እስኪግል መጠበቅ ነው። ያ ጥበቃ ነበር የተረት ሰዓታችን። ጢሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ፍሙ የአያቴን ጢም ከሥር እያቀላው፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጀርባዬን ሲያንዘፈዝፈኝ ፊቴ ደግሞ በሙቀት ሊላጥ ሲደርስ፣ ያኔ የሰማሁትን ተረት ዛሬም ቃል በቃል አውቀዋለሁ።

አንዱ ይኸ ነበር። ጨው በአህያ የጫኑ ነጋዴዎች ቦርከና ወንዝ ዳር ደረሱ። አብራቸው የምትጓዝ አንዲት ልጅ ውሃውን አይታ፣ ቀለሙ ተለውጧል፣ ደጋው ላይ ዘንቧል፣ አንሻገር አለች። የነጋዴዎቹ አለቃ ጢሙን እያሻሸ ልጅ ምን ታውቃለች አለና አህዮቹን ነዳ። ባለ አንድ አህያ ድሃ ብቻ ልጅቷን ሰምቶ ቀረ። ደራሽ ጎርፍ መጣ። አያቴ ይኸን ሲጨርሱ ሁልጊዜ በዘይት በወየበ ጣታቸው ጉልበቴን መታ መታ ያደርጉና እንዲህ ይሉኝ ነበር፦

«ልጅ ያየችውን የሰማ ጨዉን ሸጠ፣ ያልሰማ ጨዋማ ውሃ ጠጣ። ያየሽውን ተናገሪ ሀዋዬ። ዓይን የተሰጠሽ ለዚህ ነው።»

ሌሎቹም ተረቶች ሰዎቻቸው ይለያዩ እንጂ አጥንታቸው አንድ ነበር። ታናሽ ያያል፣ ታላቅ አይሰማም፣ በመጨረሻ ታናሽ ይከበራል። አመንኳቸው። የፒስተኑን ቁጥር እንደማምን አመንኳቸው።

ሞተሯ አንድ ጁምዓ ተነሣች። አባቴ በማኖቬላ፣ በእጅ ማስነሻው ብረት፣ አዙሮ አዙሮ ላብ ሲያሰጥመው፣ ሁለቴ አስነጠሰችና ያዘች። አያቴ ኮፈኑ ላይ ጆሯቸውን አስደግፈው አለቀሱ፤ አላፍርባቸውም፣ እኔም አልቅሻለሁ። ከዚያ ሮዳጅ ጀመርን። አዲስ የታደሰ ሞተር እንደ አራስ ነው ይሉ ነበር አያቴ፤ ብረት ከብረት እስኪለማመድ ድረስ ባዶዋን፣ ቀስ ተብላ፣ ሜዳ ሜዳውን ነው የምትነዳው። ሸክም የለም፣ ዳገት የለም፣ መቸኮል የለም። አባቴ ጁምዓ ጁምዓ ከሸዋ በር ፒያሳ ደርሶ ይመልሳታል፤ አያቴ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ ሆነን ድምጿን እናዳምጣለን። ለአባቴም ቶርኖ ቤት የተባልነውን ነግረነዋል። ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

ያኔ ነው ሀጂ እንድሪስ የመጡት። ሀጂ አጥራችንን የሚጋሩ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ነገሩን የሚያብሰውም እሱ ነው። ልጃቸው ከኮምቦልቻ ሊያገባ ነው። እሳቸው ራሳቸው በጉብዝናቸው ሙሽራቸውን ያመጡት በዚህችው መኪና ነበር፣ አያቴ እየነዱ። አሁን ልጄም በሷው ያምጣ አሉ። አዲስ መኪና የሚያከራይ ሞልቶ ሳለ። እንዳይከለከሉም ብቻቸውን አልመጡም፤ ልጃገረድ እንደሚጠይቅ ሰው ሦስት ሽማግሌ አስከትለው መጡ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ጉዳያቸውን ተናገሩ። አያቴ በለሆሳስ መኪናዋ ገና ናት አሉ። አላህ ያግራታል ተባሉ። እናቴ ምሳ አቀረበች፤ ሽማግሌዎቹ እሺ ካልተባልን እጃችንን አንታጠብም አሉ። ይኸ በአገራችን የታወቀ ነው። ሽማግሌ ማዕድ ቀርቦለት ካልታጠበ ባለቤቱ ተያዘ ማለት ነው። የተዘረጋ ማዕድ ላይ እንቢ ማለት ነውር፣ እሺ ማለት ደግሞ ሞተሯን መግደል ነው። እኔ ማስታጠቢያውን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አባቴ ከአያቴ አጠገብ ተቀምጦ ምንጣፉን ያያል። የአያቴ ትከሻ ሲረግብ አየሁት። እሺ ሊሉ ነው። ያየሁትን ተናገርኩ።

«አባዬ፣ ሮዳጅ አልጨረሰችም። ሰው ጭና የሀረጎን ዳገት ከወጣች ትነክሳለች። ቶርኖ ቤት የነገሩንን ረሱት?»

ሀጂ እንድሪስ ሳቅ አሉና፣ ከልጅ ልጅዎ መካኒክ ወጥቶልዎታል ብለው ቀለዱ። አያቴ አልሳቁም። በማያዩ ዓይኖቻቸው ወደ ድምፄ ዞሩ።

«ዝም በይ» አሉኝ። «ትልልቅ ሰው በተቀመጠበት ማን ጠየቀሽ። ወደ ውጭ ውጪ።»

እናቴ ማስታጠቢያውን ከእጄ ተቀበለች። ከደጅ ሆኜ ውሃው ሳህኑ ላይ ሲንቆረቆር ሰማሁ፤ ታጠቡ ማለት ነው፣ እሺ ተባሉ ማለት ነው። በይሉኝታ ስንት ቤት እንደፈረሰ ሰው ይናገራል፤ እኔ በይሉኝታ ሞተር ሲፈርስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ድምፁ የውሃ ድምፅ ነው።

የሰርጉ ዕለት መኪናዋን ሪባን አለበሷት። መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ኮምቦልቻ ድረስ በሰላም ወረደች። ስትመለስ ሙሽራና ሙሽሪት፣ ሚዜዎች፣ የሙሽሪት አክስትና ሻንጣዋ ተጭነውባት፣ የሚነዳው ሚዜ ሌሎቹ መኪኖች እንዳይቀድሙት ነዳጁን እየረገጠ፣ በፀሐይ ሀረጎን ጀመረ። ግማሹ ላይ ጭስ ተነሣ። አልቆመም። ሙሽራ የያዘ መኪና መንገድ ላይ መቆሙ ገደ ቢስ ነው ብሎ ባሰበት። ትንሽ ወጣችና ቀጥ አለች። ሙሽሪትን ወደ ሌላ መኪና አዛውረው፣ እየዘፈኑ ሄዱ። ይኸን ሁሉ የነገረን ሲመሽ በጭነት መኪና ጎትቶ ያመጣት ሰው ነው። ሪባኑ እንኳ አልተፈታላትም ነበር። ኮፈኑን ስከፍተው የተቃጠለ ዘይት ሽታ ፊቴን መታኝ።

በማግሥቱ ሀጂና ሽማግሌዎቹ መጡ። አፉ በሉን አሉ። ቀደር ነው አሉ፣ የተጻፈ ነው፣ ሰው ምን ያደርጋል። አያቴ አልሐምዱሊላህ፣ ቀደር ነው ብለው እጃቸውን ጨበጡ። እኔ በቀደር አምናለሁ፣ ሶላቴንም እሰግዳለሁ። ነገር ግን ሀረጎ ላይ ነዳጅ የረገጠው ቀደር አይደለም። ሻንጣ የጫነው ቀደር አይደለም። ሰው በገዛ እጁ ያበላሸውን ወስዶ አላህ ደጃፍ የሚያራግፍበት ድፍረት፣ እንደሱ የሚያንገበግበኝ ነገር የለም።

ከሳምንታት በኋላ አያቴና እኔ ሞተሯን ፈታናት። ምን ይታይሻል አሉኝ። ሲሊንደሩ ከላይ እስከ ታች ተተልትሏል አልኳቸው። ጣታቸውን ልከው ትልሙን ዳሰሱት፣ እንደገና ዳሰሱት። የምድጃው ፍም ጠፍቷል፣ ግቢው ውስጥ ከዶሮ በቀር ማንም የለም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልክ ነበርሽ» አሉኝ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሌሊቱን ግን ሳስበው ደስታው ኮመጠጠብኝ። ዝም በይ ያሉኝ በሰው ፊት ነው፤ ልክ ነበርሽ ያሉኝ በዶሮ ፊት። በነጋታው ለእነ ሀጂ ይንገሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ያለፈ ነገር አንሥቶ ሰው ማሳፈር ምን ይረባል አሉኝ። የኔ ማፈር አልታያቸውም፤ ለዚያም ዓይን ያስፈልጋቸው ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ለተረት ሲጠሩኝ የቤት ሥራ አለብኝ እያልኩ ቀረሁ። ሦስት አራት ጊዜ ጠሩኝ፣ ከዚያ ተዉት። መኪናዋን ቆራሌው በቁራጭ ወሰዳት። አያቴ ሲሞቱ እኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ፤ አለመታረቃችንን ሳንነጋገርበት ሄዱ። እወዳቸው ነበር። መውደዴ ንዴቴን ቅንጣት አልቀነሰውም፤ ጨመረበት እንጂ።

በአርባቸው ሰደቃ ቤታችን በሰው ተሞላ። ሀጂ እንድሪስ አርጅተው፣ በሰው ተደግፈው ገብተው ነበር። ምግብ ይዤ ስገባ የመኪናዋን ወሬ ለተሰበሰበው ያወራሉ፤ አባ ይመር እንዴት ያለ ቸር እንደነበሩ፣ መኪናዋ ሙሽሪትን ሀረጎ ድረስ አድርሳ አጀሏ እዚያ እንደደረሰ፣ ቀደር እንደሆነ። ሰው አንገቱን ይነቀንቃል፣ ረህመት ይላቸዋል። ትሪውን አስቀመጥኩ። ሀጂ፣ ቀደር አልነበረም አልኳቸው። ስለ ሮዳጁ፣ ስለ ቶርኖ ቤቱ፣ የሚላጭ ብረት ስላለመቅረቱ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ታግሠው ሰሙኝ፤ ዓይናቸው እንባ አዘለ።

«ወላሂ አላወቅንም ልጄ» አሉኝ። «ያኔ ብትነግሪን ኖሮ ማን ይወስዳት ነበር።»

እየቀለዱብኝ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አይቀልዱም። ያኔ ነግሬያችሁ ነበር፣ እዚህችው በር ላይ ቆሜ አልኳቸው። በሕይወት የተረፉት ሁለቱ ሽማግሌዎች ማን እንደሚያስታውስ ተያዩ፤ ማንም አላስታወሰም። አባቴ ያስታውሳል። ቀና ብዬ ወደሱ አየሁ፤ እንደዚያን ቀን ምንጣፉን ያያል።