አባቴን «እርስዎ» ያልኩት ዕለት

«እግሯን ያዞረው ሜዳው ነው፤ በተጎዳ እግሯ ያስሮጥሻት ግን አንቺ ነሽ» አሉኝ የተጫዋቿ እናት፣ ሞጣ ላይ፣ ቡድኑ ሁሉ እየሰማ።

እውነታቸውን ነው። ልጅቷ ስትወድቅ ሮጬ የገባሁት እኔ ነኝ። ቁርጭምጭሚቷ ዓይኔ እያየ ሲያብጥ ማደንዘዣ ስፕሬይ ነፋሁበት፣ በፋሻ ጠፍሬ አሰርኩትና «ምንም አልሆንሽም፣ ተነሺ» አልኳት። ከባሕር ዳር ተጫዋች ሊመርጥ የመጣ ሰው ዳር ቆሞ ነበር። ተነስታ ብትጫወት ለሁለታችንም ስም ነው ብዬ ነው። ለእኔ በተለይ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ የጥቂት ወር የቴራፒ ስልጠና ወስጄ፣ ትልቅ ክለብ ለመግባት የቸኮልኩ ነኝ።

በማግስቱ እናቷ «ቢቸና አንድ ወጌሻ አሉ፣ እጃቸው መድኃኒት ነው፤ እዚያ እወስዳታለሁ» አሉ። አሰልጣኙ ደግሞ «አብረሽ ሂጂ» አለኝ።

ወጌሻው አባቴ ነው። ይህን ቡድኑ ውስጥ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ተጫዋቾቹ እኔን «ወጌሻ» ሲሉኝ እንኳ «ቴራፒስት በሉኝ! እኔ በቅቤ አላሽም» ብዬ እቆጣ ነበር።

«እሺ እሜቴ ቴራፒስት፣ ዛሬ ቅቤው ቀረ?» ይሉና ይስቁብኛል።

መኪናው ውስጥ ልናገር፣ ልናገር እያልኩ ደብረ ወርቅን አለፍን። ሳልናገር ቢቸና ደረስን።

አባቴ መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ ሊነሳ ሲል ቀደምኩት።

«እንደምን ዋሉ አባት?» አልኩት። ከ«አንተ» ሌላ ብዬው የማላውቀውን ሰው።

ተመልሶ ተቀመጠ።

የልጅቷን እግር ጭኑ ላይ አድርጎ ፋሻውን ፈታ፤ በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ዳሰሰው። አልጎተተም፣ አላሸም።

«ይሄ የእኔ እጅ ሥራ አይደለም» አላቸው እናትየውን። «አጥንቱ ሳይሰበር አልቀረም። ሐኪም ቤት ውሰጃት እቴ፣ ራጅ ትነሳ።» ከዚያ ፋሻውን አንስቶ አየው። «በዚህ እግር ሩጪ ያላት ማነው?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እናቷ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «ይቺው፣ የተማረችዋ።»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ፋሻውን ጠቅልሎ በሁለት እጁ አቀበለኝ፣ ለእንግዳ እንደሚሰጥ።

«እንግዲያው ልጅቱን ደግፈው ያውጧት» አለኝ።

ክንዷን አንገቴ ላይ አዙሬ፣ ጎንበስ ብዬ በበሩ ወጣሁ።