ሞልቶ የማያውቀው ጉድጓድ

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ጎፋ አካባቢ በሚገኝ አንድ የጤና ጽሕፈት ቤት የሳኒቴሽን ተቆጣጣሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ሆቴሎችን፣ ሥጋ ቤቶችንና ምግብ ቤቶችን እየዞርኩ ፍሳሻቸው የት እንደሚገባ ማየት ነበር። የጉድጓዱ ክዳን ይነሳል፣ ረጅም እንጨት ይገባል፣ እንጨቱ እስከ የት እንደረጠበ ይታያል፤ ከዚያ ቅጽ ይሞላል። ያ ቅጽ ካልተፈረመ ንግድ ፈቃድ አይታደስም። ስለዚህ በገባንበት ሁሉ ወንበር ይጠረግልናል፣ ሻይ ይቀርብልናል። ደስ ብሎት የሚቀበለን ግን አልነበረም።

አብረውኝ የሚዞሩት አንድ አዛውንት የቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። ጋሼ እላቸው ነበር። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ዓመት ያህል ቀርቷቸዋል። ከመሬት በታች ያለውን የሰፈሩን ቱቦ ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። አስፋልቱን በጫማቸው ረገጥ አድርገው «እዚህ ጋ ይታጠፋል» ይላሉ፤ ሲቆፈር እውነትም ታጥፎ ይገኛል። በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ተምሬ ከወጣሁበት ተቋም ይልቅ ከእሳቸው ብዙ ተማርኩ። ጥፋት ካዩ አይለሳለሱም፤ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን ቅጹን ሳይፈርሙ ይመልሱለታል።

አንድ ቤት ላይ ስንደርስ ግን ሌላ ሰው ይሆኑብኛል። ቤቱ ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለ ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት፣ ላዩ አልጋ የሚከራይበት አልቤርጎ ነው። በሩ ላይ ስንደርስ ጋሼ «አንቺ ወጥ ቤቱን እዪ፣ የጓሮውን እኔ አየዋለሁ» ይሉኛል። የመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ያዘኑ መስሎኝ ነበር፤ ጓሮው ይሸታልና። ሁለተኛም ጊዜ እንደዚያው አሉኝ። በሦስተኛው በወጥ ቤቱ መስኮት አየኋቸው። ክዳኑን አላነሱም። እንጨቱን ግድግዳ አስደግፈው፣ ሲጋራ ለኩሰው ቆመዋል። ተመልሰው መጥተው ቅጹ ላይ «ደህና ነው» ብለው ጻፉና ፈረሙ። እኔም ከሥር ፈረምኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔ ከእሳቸው ላይ አልነሳ አለ። የቤቱ ባለቤት ሲሰናበታቸው እጃቸውን ይዞ ምን ያህል እንደሚቆይ አያለሁ። አዲስ ኮት ለብሰው ሲመጡ ከየት አመጡት እላለሁ። ባለቤቱ ጥብስ ሲያቀርብ አንድም ቀን አይነኩለትም፤ ይኼ ራሱ አላስተኛኝም። ቢበሉ ኖሮ ተገዝተዋል እል ነበር፤ ሳይበሉ ሲቀሩ ደግሞ የተገዙት በሌላ ነገር ነው አልኩ። ደብተሬ ላይ ወደዚያ ቤት የገባንበትንና የወጣንበትን ሰዓት መመዝገብ ጀመርኩ። አንድ ቀን ጋሼ ደብተሩን እያዩ «ምንድን ነው እንዲህ የምትጽፊው?» አሉኝ።

«የራሴ ጉዳይ ነው» አልኳቸው። ሌላ አልጠየቁም። ከዚያ በኋላ ግን እሳቸውም በጎን ያዩኝ ጀመር።

አንድ ከሰዓት እሳቸው ቀድመው ሲወጡ የቤቱን ዘበኛ ጠየቅኩት። «የሽንት ቤቱን ጉድጓድ የሚመጥጠው መኪና መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?»

ዘበኛው ቤቱ የመንግሥት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው የሠራ ሰው ነው። ትንሽ አሰበ። «እኔ እዚህ ስምንት ዓመቴ ነው። መጥቶ አያውቅም።»

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን። የእናንተው ሰውዬ ግን ይመጣሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ አካፋ ይዘው በጓሮ በኩል ወደ ወንዙ ሲወርዱ አያቸዋለሁ።»

ያን ያህል አልጋና ያን ያህል ተመጋቢ ያለበት ቤት ጉድጓዱ በየጊዜው ካልተመጠጠ ሞልቶ ግቢውን ማጥለቅለቅ አለበት። ካልሞላ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ጋሼ ናቸው።

በዚያው ሳምንት ከወንዙ ዳር ሰላጣና ጎመን የሚያለሙ አንዲት ሴትዮ ቢሯችን ድረስ መጡ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ አትክልታቸውን የሚያጥቡበት የወንዝ ውኃ እንደሚሸት፣ እጃቸውንም እያሳከካቸው እንደሆነ ተናገሩ። እጃቸውን ዘርግተው አሳዩን። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። «ወንዝ መቼ ሳይሸት ቀርቶ ያውቃል?» አሉና ተነስተው ወጡ። የሴትዮዋን እጅ አላዩትም።

ለአለቃችን ልናገር አስቤ ተውኩት። በእጄ ምንም ማስረጃ የለኝም፤ አለቃዬም የጋሼ የረጅም ጊዜ ጓደኛ ነው። እናቴ ሰፌድና ሞሰብ ትሰፋለች፤ ለአክርማ ማቅለሚያ ከመርካቶ የምታስመጣው ቀለም በየጥቅሉ ሳጥኗ ውስጥ አለ። ቀዩን ሽንት ቤቱ ውስጥ ባፈስና ወንዙ ዳር ቢወጣ የሥጋ ቤቱ የደም ውኃ ነው ይሉኛል ብዬ ሁለት ጥቅል አረንጓዴ ወሰድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እንደማንኛውም ደንበኛ ምግብ ቤቱ ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩ። ባለቤቱ አልነበረም። ሽንት ቤት ገብቼ ቀለሙን ደፋሁት፤ በርሜል ውስጥ ከተቀዳው ውኃ ሦስት ባልዲ አከታትዬ ለቀቅኩበት። ጣቶቼ አረንጓዴ ሆነው ቀሩ። እጄን ኪሴ ከትቼ ሒሳብ ከፈልኩና በጓሮው ቁልቁለት ወደ ወንዙ ወረድኩ።

ሣሩ ላይ ቆሜ ብዙ ጠበቅኩ። ምንም ሳይመጣ ሲቀር የሰውን ስም በልቤ በከንቱ አጠፋሁ ብዬ አፈርኩ። በኋላ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር ቀጭን ውኃ አረንጓዴ ሆኖ መውጣት ጀመረ። ጎንበስ ብዬ ሣሩን ገለጥ ሳደርግ የሲሚንቶ ቱቦ አፍ አየሁ። ከቱቦው በታች በአካፋ የተቆፈረ ቦይ ነበር፤ ዝናብ አንዱን ጎኑን ንዶታል።

«ማን ላከሽ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ጋሼ ናቸው። የላስቲክ ቦቲ አድርገዋል፣ አካፋ ይዘዋል። እኔን ሳይሆን አረንጓዴውን ውኃ ነበር የሚያዩት።

«ማንም አልላከኝም» አልኩ። «እርስዎስ እዚህ ምን ይሠራሉ? ይኼን ለመደበቅ ምን ተሰጠዎት?»

ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «ምንም አልተሰጠኝም። ይኼን ቱቦ የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ነገሩኝ። በደርግ ጊዜ ቤቱን ለመንግሥት ሲያድሱ ጉድጓዱ ገና ሳይጠልቅ ዐለት ገጠማቸው። ምረቃው ደርሷል። አለቆቹ «ለጊዜው ወደ ወንዝ ልቀቀው» አሏቸው፤ ለቀቁት። ሊያስተካክለው የተመለሰ ሰው አልነበረም። በኋላ እሳቸው ተቆጣጣሪ ሆነው ቅጹን ይዘው እዚያ ቤት ሲገቡ ጥፋተኛ ብለው የሚጽፉት ራሳቸውን ሆነ።

«ባለቤቱስ አያውቅም?»

«አያውቅም። ሲገዛው እንደዚህ ነው። ጉድጓዱ ጥልቅ ሆኖ የማይሞላ ይመስለዋል።»

«ይኼ ቦይስ?»

«ፍሳሹ ወንዙ ውስጥ ከሴትዮዋ አትክልት በታች እንዲገባ ነበር። በየሳምንቱ እጠርገዋለሁ። ዘንድሮ ዝናቡ አሸነፈኝ።»

አመንኳቸው ማለት አልችልም። ታሪኩ እንደ ቱቦው በደንብ የተገጣጠመ መሰለኝ። ሰኞ ብቻዬን ወደ ባለቤቱ ሄጄ ስለ ጉድጓዱ ጠየቅኩት። ደረቱን ነፍቶ «የእኔ ጉድጓድ የድሮ ሥራ ነው፣ ሞልቶ አያውቅም» አለኝ። የሚዋሽ ሰው እንዲህ አይኮራም አልኩ። ያም ሆኖ ልቤ ሙሉ በሙሉ አላረፈም።

ሪፖርቱን ጻፍኩ። ጋሼ አንብበው ፈረሙ። ቱቦውን ማን እንደቀበረው አልጻፍኩም። ባለቤቱ ደብዳቤው ሲደርሰው ቢሮ መጣና ከሁለታችን ፊት ቆመ። «ስንት ዓመት ደህና ነው ስትሉኝ ኖራችሁ። ዛሬ ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለ። እኔ ጋሼን ባየሁበት የጥርጣሬ ዓይን አሁን እሱ እኔን አየኝ።

ቤቱ ለጥቂት ሳምንታት ተዘጋ። በፊት ለፊት በኩል አዲስ ጉድጓድ ተቆፈረ። ጋሼ የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው ከቆፋሪዎቹ ጋር ዋሉ፤ አሮጌውን ቱቦም በገዛ እጃቸው በሲሚንቶ ደፈኑት። ሴትዮዋ ውኃው መሽተቱን እንደተወ ሊነግሩን አንድ ቀን መጥተው ነበር።

ጉዳዩ ግን በዚያ አላበቃም። አለቃችን አስጠርቶኝ፣ ከዚህ በፊት የተሞሉትን ቅጾች ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ «እነዚህ ሁሉ ደህና ነው የሚሉት ለምንድን ነው? አንዳንዶቹ ላይ የአንቺም ፊርማ አለ» አለኝ። መዋሸት እችል ነበር። ስለ ራሴ ፈራሁ፤ የማውቀውን በሙሉ ነገርኩት። ጋሼን እስከ ጡረታቸው ድረስ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሯቸው።

ማን እንደተናገረ አውቀዋል። አልተቆጡኝም። ጓንትና ቦቲ ልወስድ ወደ ግምጃ ቤቱ ስሄድ ፈገግ ብለው ይቀበሉኛል፣ ዕቃውን አውጥተው ያስፈርሙኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩ ዕለት «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አሉኝ። ከእናቴ ጋር እኩያ የሆኑ ሰው እኔን እርስዎ ሲሉኝ እየቀለዱ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። አልቀለዱም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ደግመው አንቺ ብለው አልጠሩኝም።