«ምነው ከሱ?»

ትናንት ከግቢ ስወጣ የጋሪ ቃጭል ሰማሁና የልጅነቴ ናዝሬት፣ አቧራማው የሰፈራችን መንገድ ትዝ አለኝ።

ከእኛ ጋር የሚኖሩት የአባቴ አክስት፣ እትዬ ዘነበች፣ ከውፍረታቸው የተነሳ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር። ሐኪሙ ክብደት እንዲቀንሱ፣ በእግራቸውም እንዲሄዱ መከራቸው። ስለዚህ እናቴ ወደ ቀበሌ ስብሰባ የምትወስዳቸው በእግር ነበር። እኔም የቅባት ሽታ ያለውን ነጠላቸውን ይዤ እከተላለሁ። ቀስ በቀስ ያለ ምርኩዝ መራመድ ጀመሩ።

አንድ ቀን አንዲት ጎረቤት መንገድ ላይ አየቻቸውና ደረቷን መታች።

«ውይ እትዬ! ምነው እንዲህ ከሱ? ቤት ውስጥ ደህና አይደሉም እንዴ?»

እትዬ ዘነበች ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ወዲያው ጋሪ ጠሩ።

«እትዬ፣ ጉልበትዎ እኮ እየዳነ ነው!» አለች እናቴ፣ ልታለቅስ ደርሳ።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አሉ፣ ባለጋሪው ደግፎ ሲያሳፍራቸው። ከዚያ ወዲያ በእግራቸው አልሄዱም። ውለው አድረው ከአልጋ መውረድም አቃታቸው።

ንግግራቸው ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። ዘንድሮ እናቴም ጉልበቷን ያማታል። ለእረፍት ሄጄ በእግሯ እንድትንቀሳቀስ ብለምናት ተቆጣችኝ።

«ብከሳ ሰው የሚያማው ማንን ይመስልሻል? አንቺን እኮ ነው!»