የአዱኛን እንቅልፍ ፍለጋ

ከስማዳ፣ ከወገዳ የወጣሁት ዶሮ ሲጮኽ ነው። አዱኛ የጋቢዬን ጫፍ እንደ ጨበጠ ገና መተኛቱ ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቅሁና ለአባቴ፣ ለአባባ ትቼው ወጣሁ።

አዱኛ የሟቹ ወንድሜ የሙሉዓለም ልጅ ነው፤ ስምንት ዓመቱ። እናቱ በወሊድ ነው ያረፈችው። አባቱን ከቀበርን ወዲህ ሌሊት እየጮኸ ይነሳል፤ ቀን አይናገርም። ጠበሉን አዳረስነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰርም «ቁስል ቢሆን አጥብለት ነበር፤ ለልጅ ጭንቀት የሚሆን ኪኒን የለኝም፤ ትልቅ ከተማ ጠይቁ» አለን። አሥረኛ ክፍል የደረስሁ እኔ ነኝና ተላክሁ። ጎንደር የመድኃኒቱን ዋጋ የማገኝበት ሥራ አጣሁ። «ካርቱም ሥራም መድኃኒትም ሞልቷል» ሲሉ ሰማሁና ከሰሊጥ አጫጆች ጋር ያለ ወረቀት በመተማ ተሻገርሁ።

እናንተ እዚያ ያላችሁ፣ ውርጩን አታማርሩ። እዚህ ካርቱም ነፋሱ እንኳ ትኩስ ነው፤ ሀቡብ ይሉታል፤ አሸዋ ያጎርስሃል። ባቄላውን ፉል ብለው በዘይት ያቀርቡታል፤ በላሁ፣ ግን እንደኛ ቤት ባቄላ አልሆነልኝም። ዘይት መጭመቂያ ቤት ተቀጠርሁ። ቀኑን ሙሉ የሚጠሩኝ በስሜ አይደለም፤ «ያ ሐበሺ» ነው፤ «አንተ ሐበሻ» ማለታቸው ነው።

በዕረፍቴ ቀን የሰፈሩ ሐኪም ዘንድ ጠርሙስ ይዤ ገባሁ። በኛ አገር መነሣት ላልቻለ ሰው ጠበል በጠርሙስ ይሄድለት የለ!

«በሽተኛው የታለ?» አለኝ።

«ስማዳ።»

«እሱ የትኛው ሰፈር ነው?»

«ከመተማ ወዲያ፣ ብዙ ቀን ያስኬዳል። የክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል ነው።»

«ስሙን ምን ላድርገው? ክብደቱን ንገረኝ።»

«አንድ ቁና ገብስ ተሸክሞ ዳገት ይወጣል።»

መነጽሩ እስኪወልቅ ሳቀ። «ያ ሐበሺ፣ እኔ ለገብስ መድኃኒት አላዝም!»

ከዚያ ግን ብዕሩን አነሣ። ይወድቃል? አይወድቅም። አረፋ ይደፍቃል? አይደፍቅም።

«ከማን ጋር ነበር የሚተኛው?»

«ከአባቱ።»

«አባቱ ሲሞትስ?»

«ከኔ።»

«አሁንስ?»

ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት።

«ኪኒን አለ፤ ያላየሁትን ልጅ ግን አላስውጥም» አለኝ። «ወይ አምጣው፣ ወይ ሂድለት።»

እንዴት ልሂድ? ክረምት ገብቷል፤ ወንዙ ሞልቷል፤ ድንበሩ ላይ ያለ ወረቀት ያገኙትን እያሰሩ ነው አሉ። ጠርሙሱን ባዶውን ይዤ ተመለስሁ።

መንገዱ ሲከፈት በነጋዴ እጅ የአባባ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ለመሪጌታ ነግረው ያስጻፉት። «ልጄ ሆይ፣ ስለ መድኃኒቱ አትድከም። አዱኛ ሌሊት መጮኹን ትቷል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል፤ ያንተንም ስም መጥራቱን ተወ። እግዚአብሔር ይመስገን።»

አራት ጊዜ አነበብሁት። በአራተኛው «ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ» የሚለው ላይ ቆምሁ።

በዚያው ነጋዴ መልስ ላክሁ። «አባባ፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ቀስ ብለው ይጠጉና ትንፋሹን ያዳምጡልኝ። ተኝቶ ነው ወይስ ነቅቶ ዝም ብሎ?»

ነጋዴው ከሄደ ሁለት ወር አለፈ፤ እስካሁን አልተመለሰም።